ፍሬው ከየት፣ ጥበቡ ከማን?

ለዕረፍት ወደ ሮማ ወይም ወደ ሚላኖ ተጉዞ የተመለሰ መንገደኛ ሻንጣውን ሲፈታ፣ ከልብሱና ከጫማው መካከል ያሸበረቀ የቡና እሽግ ማውጣቱ የተለመደ ሆኗል። ዘመድ አዝማድ እሽጉን እየተቀባበለ ያሸታል፤ «ቡና ማለትስ ይህ ነው!» ይባላል። በዚያው ሰዓት የቤቱ እመቤት በጓዳ የይርጋ ጨፌ ቡና እየቆላች ሊሆን ይችላል። የእርስዋን ምጣድ ሽታ ግን የሚያነሣው የለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እሽጉን እንዲህ የሚያመሰግኑ ሰዎች አንድ ቀላል ጥያቄ ቢጠየቁ መልስ ያጥራቸዋል። ጣሊያን ዓለምን የሚያጠጣ ቡና በየትኛው ተራራዋ ላይ ታበቅላለች? በእሽጉ ውስጥ ያለው ፍሬ በአብዛኛው ከብራዚል፣ ከቬትናም፣ ከኡጋንዳና ከሕንድ በመርከብ የሄደ ነው። ዋጋው እንዲቀንስና አረፋው እንዲወፍር ሮቡስታ የሚባለው ዝርያ የሚቀላቀልበትም ብዙ ነው። እንግዲህ የአረቢካ ቡና መገኛ የሆነች አገር ዜጋ፣ ከሌላ አገር የተለቀመውን፣ በሌላ አገር የተፈጨውንና ወራት ያስቆጠረውን ዱቄት በውድ ዋጋ ገዝቶ ወደ ቡናው ምንጭ ይመልሳል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን የጣሊያኖችን ጥበብ መካድ አይገባም። ቬኒስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1720 የተከፈተው ካፌ ፍሎሪያን ዛሬም ስሙ አልጠፋም። ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 በእንፋሎት ግፊት ቡና በፍጥነት የሚያወጣ መኪና አስመዘገበ፤ አኪሌ ጋጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠራ መብቱን ባስመዘገበበትና ከጦርነቱ በኋላ ባሻሻለው ዘዴ ኤስፕሬሶን ዛሬ በሚታወቅበት ወርቃማ አረፋ አለበሰው። በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1933 አልፎንሶ ቢያሌቲ ሞካ የሚባለውን የአሉሚኒየም ማፍያ ለየቤቱ አደረሰ። 7 ግራም ዱቄት፣ 25 ሚሊ ሊትር ቡና፣ 25 ሰከንድ፤ ይህን ልክ ጠብቆ በየቀኑ መሥራት የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ሊደነቅ የሚገባው ይህ እጅ ነው፤ እሽጉ አይደለም።

በሌላው ጫፍ የቆሙ ተቺዎችም አሉ። ማኪያቶን የወራሪ ቅርስ ነው ብለው ከአገር ባህል መዝገብ ሊፍቁት ይሻሉ። የእነዚህም ክርክር ሚዛን አይደፋም። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. የቡናን አገር ሲወር፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብና በራሱ መንግሥት «ከውጭ አትግዙ» ፖሊሲ የተጨነቀው የጣሊያን ሕዝብ የተቆላ ገብስና ቺኮሪ በቡና ስም እየጠጣ ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። መኪናው ግን እንደ ማንኛውም መሣሪያ የሚያዘው በያዘው እጅ ነው። በጣሊያንኛ «ጠብታ ያረፈበት» ማለት የሆነው ማኪያቶ፣ በአዲስ አበባ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ወተቱና ቡናው ተደራርቦ ሲቀርብ፣ ፍሬውም ሠሪውም ጠጪውም ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ የተቋቋመው ቶሞካ ስሙ ከጣሊያንኛ ቢወጣም፣ ደጃፉን የሚያውደው የአገር ፍሬ ነው። ሕዝብ የተቀበለውንና በራሱ መልክ ያበጀውን ነገር ባዕድ ማለት የሕዝቡን ፈጠራ መናቅ ይሆናል።

እንግዲህ በቤቱ የጣሊያን ዓይነት ቡና የሚሻ ሰው መንገዱ ቅርብ ነው። ሰሞኑን የተቆላ የአገር ቡና ከደቃቁ የጀበና ዱቄት ሻከር አድርጎ ያስፈጭ፤ በሞካው ውኃውን ከመተንፈሻው ቀዳዳ በታች ይሙላ፤ ዱቄቱን ሳይጠቀጥቅ በለሰለሰ እሳት ይጣደው፤ ማንኮራፋት ሲጀምር ያውርደው። መብራት ቢጠፋ እንኳ በከሰል ይፈላል። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የታሸገ ብልቃጥ የሚጠይቀው መኪና ግን ብልቃጡ ባለቀ ማግስት የቡፌ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለዕረፍት የሄደውም ቢሆን ከዚያ የሚያመጣው ነገር አያጣም። የጣሊያን ሠራተኛ በማለዳ ከባንኮኒው ዘንድ ቆሞ፣ በሁለት ሦስት ጉንጭ ጠጥቶ፣ ሠሪውን አመስግኖ ወደ ሥራው ይሄዳል። ካፑቺኖ የጧት ነው፤ ከምሳ በኋላ ማዘዝ ያስገርማል። ሲኒው ይሞቃል፤ መኪናው ይጠረጋል፤ ልኩ አይዛነፍም። አገሬው ለቡናው የሚሰጠው ይህ ክብር ነው ሊቀዳ የሚገባው። ክብሩን ትቶ ቆርቆሮውን ይዞ መምጣት ግን ጥላን አቅፎ አካልን መተው ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ቡና ዛሬም በአብዛኛው የሚሸጠው በጥሬው ነው፤ የቆዪው፣ የፈጪውና የአሻጊው ዋጋ ከባሕር ማዶ ይቀራል። አገሪቱ የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ስሞች ባለቤትነቷን ለማስከበር እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ማመልከቻ አስገብታ፣ ከአንድ ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ስምምነት ደርሳለች። በውጭ ስለ ስሙ የተከራከረች አገር ዜጋ በገዛ ሳሎኑ ያንኑ ስም ካቃለለ፣ ባዕዱ ገዢ ስለምን ያክብረው? የቡና አገር ሆቴልስ በእንግዳው ክፍል የባዕድ ፈጣን ቡና ቢያኖር ለገበሬው ምን ይላል?

ስለዚህ ማኪያቶው ይጠጣ፤ ሞካውም ይጣድ፤ ለሠሪው እጅ የሚገባው ምስጋና አይነፈግ። ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት ሰብስቦ የሚያወያየው ጀበናም ከእነዚህ በታች እንዳልሆነ ይታወቅ። መንገደኛው በሚቀጥለው ጉዞው ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከተረፈው፣ በአገሩ የተቆላ ቡና ይዞ ይሂድና በሮማ ለሚያስተናግደው ወዳጁ ያቅምሰው። ያን ጊዜ «ቡና ማለትስ ይህ ነው» የሚለው ቃል ከትክክለኛው ሰው አፍ፣ ለትክክለኛው ፍሬ ይነገራል።