ለልጅ የሚሆን የዋላ ማደኛ ጠመንጃ

ከአንባቢዎቻችን አንድ የተከበሩ ሰው፥ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖሩት ወንድማቸው የጻፉላቸውን ደብዳቤ ልከውልን ተመለከትነው። ወንድማቸው የ14 ዓመት ልጃቸውን በሚመጣው ኅዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋላ አደን ሊወስዱት አስበዋል። ልጁ ቀጭንና ትከሻው ገና ያልጠና ስለ ሆነ፥ አፈ ሙዙ ጠባብ የሆነ ቀላል ጠመንጃ ሊገዙለት ይፈልጋሉ። ዳሩ ግን ጠመንጃው እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ በሥቃይ ይሞታል ብለው ይፈራሉ፤ ትልቅ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ልጁ ደንግጦ አደንን ለዘወትር ይጠላል ብለው ያመነታሉ። ነገሩ የአንድ ቤት ነገር ቢመስልም፥ በዚያ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ሌሎች ወገኖቻችንንም የሚያጋጥም ስለ ሆነ የምናውቀውን በዚህ ዓምድ ለመጻፍ ወደድን። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ዋላ ተብሎ የምናነበው እንስሳ በአገራችን አይገኝም። የእኛ አጋዘንና ድኩላ ቀንዳቸው አንድ ጊዜ ከበቀለ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይለያቸውም፤ የዋላ ቀንድ ግን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለውና በየዓመቱ እየወደቀ እንደ ገና የሚበቅል ነው። በቨርጂኒያ የሚታደነው ነጭ ጭራ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሲሸሽ ጭራውን አንሥቶ ከሥር ያለውን ነጭ ጠጕር ስለሚያሳይ ይህ ስም ወጣለት። የደረሰው ወንድ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ይመዝናል፤ ከአጋዘናችን በጣም ያነሰ ነው። ልብና ሳንባው ያሉበት የደረቱ ክፍል ከጎን ሲታይ ከአንድ ሳህን ብዙ አይሰፋም። እንግዲህ የጥያቄው ሁሉ መሠረት ይህ ሳህን ነው።

አባቶቻችን የጠመንጃን ኃይል በአፈ ሙዙ ስፋት ይለኩ ነበር፤ ያን ማለታቸውም በዘመናቸው ትክክል ነበር። ውጅግራ ብለው የጠሩት የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። ጥቁሩ ባሩድ ዐረሩን እጅግ ማፍጠን ስላልቻለ፥ ኃይል ማግኘት የሚፈልግ ሰው ዐረሩን ማክበድ ግድ ይሆንበት ነበር። በ1884 ፖል ቪየይ የሚባለው ፈረንሳዊ ጢስ አልባውን ባሩድ ባወጣ ጊዜ ይህ ሁሉ ተለወጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ለበን በ8 ሚሊ ሜትር አፈ ሙዝ ከውጅግራ አብልጦ ሩቅ መታ። ከዚያ ወዲህ ጠባብ አፈ ሙዝ የድካም ምልክት መሆኑ ቀረ።

እንዲያውም አንዳንዶች ወደ ሌላው ጽንፍ ሄዱ። ዎልተር ቤል የሚባለው የስኮትላንድ ተወላጅ አዳኝ በኡጋንዳ ሰሜን ምሥራቅ በካራሞጃና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በዕድሜው ከ1000 የሚበልጡ ዝሆኖች ገድሏል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን የገደላቸው በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን እልቂት የሚያመሰግን አይገኝም፤ ነገር ግን ስሙ በጠመንጃ ሻጮች አፍ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ቤል የዝሆንን ራስ ቅል ከፍቶ አጥንቶ፥ አንጎሉ የት እንዳለ ከየአቅጣጫው ያውቅ ነበር። የቤልን ስም እየጠራ ትንሹን ጠመንጃ የሚያወድስ ሻጭ ያገኛችሁ እንደ ሆነ፥ የቤልን ዓይንና እጅ ከጠመንጃው ጋር አብሮ ይሸጥ እንደ ሆነ ጠይቁት።

ትልቁን ጠመንጃ ለልጅ ስለ መስጠት ግን የምንናገረው ከራሳችን ነው። በልጅነታችን አጎታችን ከባዱን ጠመንጃቸውን ሰጥተውን በመጀመሪያው ተኩስ ሰደፉ ትከሻችንን መትቶ አበለዘው። አፍረን ዝም አልን። ከዚያ በኋላ ምላጩን በሳብን ቍጥር ዓይናችን ይጨፈን ነበር፤ እኛ ግን አናውቀውም ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በቅርብ የቆመ ድኩላ ሆዱን መታን። አጎታችን ደሙን እየተከተሉ እስኪመሽ ፈለጉት፤ አላገኙትም። በማግሥቱ አንድ ቃል ሳይቈጡን ጠመንጃውን አቀባብለው ሰጡንና ዒላማ እንድንመታ አዘዙን። ምላጩን ስንስብ አልጮኸም፤ ለካ ጥይት አልነበረበትም፤ አፈ ሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ዘለለ። ያን ጊዜ ድኩላውን ያቈሰለው ምን እንደ ሆነ ተረዳን። ስለዚህ ለልጅ ቀላል ጠመንጃ መምረጥ ልጁን ማቀማጠል አይደለም፤ ለእንስሳውም ምሕረት ነው።

ይሁን እንጂ ትንሽነት ወሰን አለው። በከፈፉ የሚለኮሰው ትንሹ 22 የሚባለው ጥይት ዐረሩ 2 ግራም ተኩል ያህል፥ ኃይሉም ከ200 ጁል እምብዛም የማያልፍ ስለ ሆነ ጥንቸልን እንጂ ዋላን አይገባውም። ከእርሱ በላይ ያለው 223 ፈጣን ነው፤ በአፈ ሙዙ ላይ ወደ 1700 ጁል ይሰጣል፤ በአንዳንድ ግዛቶችም ለዋላ ይፈቀዳል። በቨርጂኒያ ግን አይሆንም። የዚያ ግዛት ሕግ ለዋላ የሚተኰስ ጠመንጃ አፈ ሙዙ ከኢንች መቶኛ 23 እንዳያንስ ያዝዛል፤ ይኸውም 5.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የ223 ዐረር 5.7 ስለ ሆነ በጥቂት ይወድቃል። ሻጩ ይህን ሳይነግር ሊሸጥ ይችላልና አባትየው ይጠንቀቁ። ከዚህም በቀር በዚያው ግዛት አንዳንድ አውራጃዎች ለዋላ አደን ጠመንጃን ፈጽመው ስለሚከለክሉ፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚያድኑበትን አውራጃ ሕግ መጠየቅ ይገባል።

ሌሎችም መንግሥታት ወሰን አድርገዋል። ጀርመን ለትንሹ ዋላ በ100 ሜትር ርቀት 1000 ጁል፥ ለትልልቆቹ ግን 6.5 ሚሊ ሜትር አፈ ሙዝና 2000 ጁል ትጠይቃለች። የእንግሊዝ የ1991 ሕግ ለአብዛኛው ዋላ 6.1 ሚሊ ሜትር ያህልና 2300 ጁል ያህል ይጠይቃል፤ ዐረሩም ሥጋ ሲነካ የሚከፈት እንዲሆን ያዝዛል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰዎችም የሚዘነጉት ይህንኑ ነው። በ1899 በላሄ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት በሰው አካል ውስጥ የሚከፈት ዐረር በጦርነት እንዳይተኰስ ተስማምተዋል። በአደን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁለንተናው በብረት የተሸፈነው የወታደር ዐረር በዋላ ደረት ውስጥ እንደ ወስፌ ጠባብ ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል፤ እንስሳውም ሩቅ ሮጦ ይሞታል። የአዳኝ ዐረር ጫፉ ተከፍቶ ስፋቱ እጥፍ ያህል ስለሚሆን ቶሎ ይገድላል። ጠባብ አፈ ሙዝ የመረጠ ሰው ስለ ዐረሩ አሠራር ከሌላው ይልቅ መጨነቅ አለበት፤ ቀበሮ ለመምታት የተሠራው ስስ ዐረር አጥንት ሲነካ ከላይ ተበትኖ ወደ ሳንባ ሳይደርስ ይቀራልና።

የቤት እመቤቶችም ይህን ይስሙልን። በእርሳስ የተሠራ ዐረር በሥጋ ውስጥ ሲከፈት ዓይን የማያየው ስብርባሪው ከቁስሉ ርቆ ይበተናል፤ በራጅ ሲታይ እንደ ተነሰነሰ ጤፍ ነው። በ2008 በሰሜን ዳኮታ ግዛት ከ700 የሚበልጡ ሰዎች ደም ተመርምሮ፥ የአደን ሥጋ የሚበሉት ከማይበሉት ይልቅ በደማቸው ብዙ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ አብልጦ የሚጐዳው ሕፃናትንና በማሕፀን ያለውን ፅንስ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደንን ፈጽሞ ከልክሏል። የቨርጂኒያ ሕግ ይህን አያዝዝም፤ እኛ ግን ልጆች ላሉበት ማዕድ ከመዳብ ብቻ የተሠራውን ዐረር እንመርጣለን። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ስለማይበተን ቀላሉም ዐረር ጠልቆ ይገባል። ፍጥነቱ ሲደክም ግን በደንብ አይከፈትምና በሩቅ አይተኰስ።

እንግዲህ ለወንድማቸው የምንመልሰው ይህ ነው። በ1955 የወጣውን 243 ዊንቸስተር ይግዙለት። አፈ ሙዙ 6.2 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ በሕጉ ያልፋል፤ ኃይሉ ወደ 2600 ጁል ይደርሳል፤ ትከሻን የሚመታው ግን አሜሪካውያን ከሚወዱት ከ30-06 ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የመዳብ ዐረሩ 5 ግራም ተኩል ያህል ቢሆን ይስማማዋል። ልጁ አድጎ ከዋላ የሚበልጥ ሊያድንበት ይችላል ብለው ካሰቡ፥ ስዊድንና ኖርዌይ ከ1894 ጀምሮ የያዙት 6.5 ይሻላል፤ የዚያ አገር ሰዎች ከፈረስ የማያንሰውን ትልቁን ዋላ ሳይቀር ያድኑበታል። ርግጫው ግን ጥቂት ይጨምራል፤ ለዘንድሮ ኅዳር እኛ አንመክረውም።

እስከዚያው ያ የናቅነው ትንሹ 22 ሥራ አለው፤ ጥይቱ ርካሽ ስለ ሆነ ልጁ በየሳምንቱ በእርሱ ይለማመድ። በ243 ደግሞ ጆሮውን ሸፍኖ፥ ተቀምጦም ተንበርክኮም በ100 ሜትር ላይ ሳህኑን ሳይስት እስኪመታ ድረስ ይተኵስ፤ ያለማቋረጥ የማይመታበት ርቀት በጫካም የእርሱ አይደለም። እንስሳው ጎኑን ሲሰጥ ከፊት እግሩ በስተኋላ፥ ከደረቱ ቁመት ከታች ሲሶውን አልፎ ያነጣጥር። ከዋላው በስተኋላ አፈር ወይም ኮረብታ ከሌለ አይተኵስ። አባትም ከአጠገቡ ተቀምጠው አንዳንድ ጊዜ ሳይነግሩት ያለ ጥይት ይስጡት፤ ለምን እንደ ሆነ ከላይ ጽፈናል።

አንድ ነገር ልንረሳ ነበር። በሱቅ የሚሸጠው ጠመንጃ ሰደፉ ለጐልማሳ ክንድ የተለካ ስለ ሆነ ለልጁ ይረዝምበታል፤ ልጅም ሰደፍ ሲረዝምበት ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ከመነጽሩ ጋር ሳይገናኝ ይተኵሳል። ሰደፉ ከእንጨት የሆነ እንደ ሆነ ለዐዋቂ አናጢ ሰጥተው በልኩ ያስቈርጡለት፤ ቍራጩንም በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ልጁ ሲያድግ መልሶ ይገጠማልና።