ከመስጠት በፊት መጠየቅ

ዛሬ የማጫውታችሁ ካሳፈረኝ ነገር ተነሥቼ ነው። ሳልደብቅ ብናገረው ምናልባት ለአንዳንድ አጥቢያ ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

እኔና ባለቤቴ የምናገለግልባት ዲቾቶ በአፋር ክልል፣ ከሰመራ ወደ ጋላፊ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚሄድ፣ ከጅቡቲም የሚመለስ ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም ያልፍባታል። ጉባኤያችን ትንሽ ነው፤ ሾፌሮችና ሚስቶቻቸው፣ ምግብ ቤት የሚሠሩ እህቶች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች አሉበት። አብዛኞቻችን ከሌላ ቦታ ለሥራ የመጣን ነን። ጎረቤቶቻችን ሙስሊም አፋሮች ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በተለይ ታኅሣሥ 26 ሌሊትና የካቲት 7 የደረሱት መንቀጥቀጦች ኃይለኞች ነበሩ፤ የየካቲቱ 6.0 ተለክቷል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በጊዜያዊ መጠለያ አደሩ። እኛ ያለነው ከዚያ ብዙ ርቀን ቢሆንም መንገዳችን አንድ ነው፤ ወሬውን በየቀኑ ያመጡልን የነበሩት ሾፌሮቻችን ናቸው። እኔም ልቤ ተነክቶ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተነሣሁና «ቅዱሳን፣ ልብስ አምጡ» አልሁ።

ጉባኤው አላሳፈረኝም፤ በሳምንቱ የጸሎት ክፍላችን ልብስ በልብስ ሆነ። እህቶች ሌሊት ሁሉ አጠቡ፣ ተኮሱ፣ በማዳበሪያ አሰሩ። ከወንድሞች አንዱ በመኪናው ጭኖ እስከ አዋሽ አደረሰልን። እኔም እግዚአብሔርን አመስግኜ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያ አካባቢ የምታገለግል አንዲት እህት ደወለችልኝ። አመሰገነችኝ፣ ባረከችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እህቴ፣ ቅር አይበልሽና፣ ከላክሽው አብዛኛው አልተነሣም» አለችኝ። ለካ በማዳበሪያው ውስጥ የሱፍ ካፖርት ነበረበት፤ ክራባትም፣ ታኮ ጫማም ነበረበት። እናቶቹ አጥተው የነበረው ውኃ መቅጃ ጄሪካን፣ ሳሙና፣ ልጅ የሚያስተኙበት ሰሌንና ለሴት ልጆቻቸው ሞዴስ ነበር። ቀጥላም «ለምን ደውለሽ አልጠየቅሽኝም?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ስልኬ በእጄ ነበር፣ ቁጥሯም ነበረኝ። ጸልዬ ነበር፣ ጾሜም ነበር፤ ያላደረግሁት ነገር ቢኖር መጠየቅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የምኖርበት ሕዝብ ራሱ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። ከየት መጣህ? ማንን አየህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣሩስ? ውኃውስ? ከብቶቹስ? ሰላም ነው ወይ? አንዱ ሲናገር ሌላው እስኪጨርስ ያዳምጣል፤ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ከብት ወደየት እንደሚነዳ የሚወሰነው በዚህ ወሬ ነውና የሚዋሽ ወይም በደንብ የማያዳምጥ ሰው ወገኑን ይጎዳል። እኔ ግን ለዓመታት በዚህ ሕዝብ መካከል ኖሬ፣ ዳጉን እንደ ጨዋታ እያየሁ፣ ለራሴ አገልግሎት አልተማርሁበትም ነበር።

ወደ ቃሉ ስመለስ ነገሩ ፊት ለፊቴ ተጽፎ አገኘሁት። ዕውሩ በርጤሜዎስ እየጮኸ ወደ ጌታ ሲመጣ ምን እንደሚያስፈልገው ለማየት ነቢይ መሆን አያሻም ነበር። ሆኖም ጌታ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው (ማርቆስ 10፥51)። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ከጠየቀ፣ ምንም የማናውቀው እኛ እንዴት ሳንጠይቅ እንሮጣለን? ኤልሳዕም ባለ ዕዳዪቱን መበለት ምን ላድርግልሽ ብሎ ጠየቃት፤ በቤቷ ምን እንዳላትም ጨምሮ ጠየቀ (2 ነገሥት 4፥2)። የተቸገረ ሰው ባዶ እጁን አይደለም፤ እርሱም የሚያዋጣው አለው። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻቸው በዕለታዊው እርዳታ እንደ ተረሱ ባጉረመረሙ ጊዜ ሐዋርያት አልተቆጡም። ሰሙ፤ ሰባት ሰዎችም እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡትን ስም አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያለ የሚሄደው ሁሉ የግሪክ ስም ነው (የሐዋርያት ሥራ 6፥1-6)። ቅሬታ ካቀረቡት ወገን የሆኑ ሰዎች ሥራውን የተረከቡ ይመስላል።

ባለፈው ጥቅምት ወጣቶቻችን ለከተማይቱ አንድ የበጎ ፈቃድ ሥራ በኅብረት እንሥራ ብለው ተነሡ። ሐሳባቸው ችግኝ መትከል ነበር፤ ባነርም አስበው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ያ የስልክ ጥሪ ትዝ አለኝና «መጀመሪያ እንጠይቅ» አልሁ። ባለቤቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ አገር ሽማግሌዎቹና ወደ ቀበሌው ሄደ። እኔ ደግሞ ወተት ወደምትሸጥልኝ እናት ቤት ሄድሁ፤ ልጇ እያስተረጎመችልን ብዙ ሰዓት ተቀመጥን።

ስለ ችግኙ ሳነሣ ሳቀች። ወንድሟ በአዋሽ ዳር ከብት ያረባል። እዚያ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ግጦሹን ውጦታል። ዛፉ በ1970ዎቹ በረሃውን ለማልማት ተብሎ በበጎ ሐሳብ በመካከለኛው አዋሽ የተተከለ ነው። «የደርግ ዛፍ» እያሉ የሚጠሩትም አሉ። ዛሬ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፤ ሣር ያጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ እሾሁ የከብትና የሰው እግር ይወጋል። «ሲተክሉት ማን ጠየቀን?» አለችኝ። እኔም ካፖርቶቼን አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

«እንግዲያስ ምን እናድርግ?» ስላት ተነሥታ ወደ ደጅ ወሰደችኝና መንገዱን አሳየችኝ። ከመኪናና ከምግብ ቤት የሚጣለው ፌስታል በነፋስ ተነድቶ በየቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያው ሰሞን አንዲት ፍየሏ ሆዷ ተነፍቶ ታርዳለች፤ ሲከፈት በውስጡ እንደ ኳስ የተጠቀለለ ፌስታል ተገኘ። ፍየል ለዚያች እናት ወተት ናት፣ የልጅ ደብተር ናት፣ የክፉ ቀን ጥሪት ናት። ለካ ፍየሎቿን የሚገድለው እኛው የምንጥለው ቆሻሻ ኖሯል! ከምግብ ቤቶቹ አንዳንዶቹ የእኛ ምእመናን የሚሠሩባቸው ናቸው። የአገር ሽማግሌዎቹም ለባለቤቴ የነገሩት ይህንኑ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ መሬት ላይ የወደቀውን ግን የሚያነሣው እጅ ነው። ስለዚህ አራት ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ማዳበሪያ ይዘን ወጣን። ነፋሱ ፌስታሉን የሚያከማችበትን ቦታ ያሳዩን እረኛ ልጆች ናቸው። የሚቀበርበትን ጉድጓድ ቦታ፣ ከግጦሽ የራቀውን፣ ሽማግሌዎቹ መረጡልን። እህቶቻችን በየምግብ ቤቱ በርሜል አስቀመጡ። ባነሩ ቀረ። በሦስተኛው ቅዳሜ ያቺ እናት ወተት ይዛልን መጣች፤ ገንዘብ ብንሰጣት እምቢ አለች።

አንድ ወጣት ወንድም በቅን ልብ «ታዲያ ወንጌሉስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ማን እንደሆንን አልደበቅንም፤ አገሩ ሁሉ ያውቀናል። ነገር ግን የሰው ችግር ማጥመጃ አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በእናንተ ስላለ ተስፋ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይለናል (1 ጴጥሮስ 3፥15)። እንግዲህ ጠያቂ መኖር አለበት ማለት ነው። ጎረቤቱን ጠይቆ የማያውቅ በጎረቤቱ ሊጠየቅ እንዴት ይጠብቃል?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለባለቤቴ ያስታወሱት ታሪክም አለ። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ተሰድደው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ ከመካ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ተከትለዋቸው ነበር። የእስልምና ታሪክ እንደሚለው ክርስቲያኑ ንጉሥ በስጦታው አልተወሰደም፤ ስደተኞቹን አስጠርቶ ራሳቸው እንዲናገሩ ጠየቀና አዳመጣቸው። አሳልፎም አልሰጣቸውም። እነሆ ያ ንጉሥ ስላዳመጠ ከ1,400 ዓመት በኋላ በአፋር በረሃ ስሙ በክብር ይነሣል።

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ «የቤታችንንም ጻፊ» ይለኛል። እሺ፣ ልጻፍ። በዚያው ወር እኔ በአገልግሎት ስባዝን እርሱ ሊረዳኝ ብሎ እንግዳ ሰብስቦ ቤት አመጣ፤ የፈለግሁት ግን አንድ ጸጥ ያለ ምሽት ነበር። እኔም ለእርሱ ስብከት እየለቀምሁ ስሰጠው ኖሬያለሁ፤ እርሱ የፈለገው እንዳዳምጠው ብቻ ኖሯል። ባለትዳሮች ሆይ፣ ብዙዎቻችን አንዳችን ለሌላው ካፖርት ወደ በረሃ እየላክን እንኖራለን። ፍቅር ጎድሎን አይደለም፤ ጥያቄ ጎድሎን ነው። አሁን እኔና እርሱ ማታ ማታ ከእራት በኋላ የራሳችን ዳጉ አለን። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ከዚያ ተራ እንለዋወጣለን።

ስለዚህ የተወደዳችሁ፣ አጥቢያችሁ ለአካባቢው አንድ ሥራ ሊሠራ ካሰበ፣ ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ልካችሁ ጠይቁ። ወንድሞች ወደ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እህቶች ወደ እናቶቹ ይሂዱ፤ ሞዴስ የሚያስፈልጋት ልጅ ችግሯን ለወንድ ሽማግሌ አትናገርም። እነርሱ ምን ማዋጣት እንደሚችሉም ጠይቁ፤ ሲሰጧችሁም ተቀበሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ ጠቀማችሁ ወይ በሉ። መልሱ የሚያሳፍር ቢሆንም አድምጡት፤ ለእኔ ከብዙ ምስጋና ይልቅ የጠቀመኝ ያ አንድ የስልክ ጥሪ ነውና።

የዚህ ወር የቤት ሥራችሁ ይሁን፤ በዚህ ሳምንት ለትዳር ጓደኛችሁና ለአንድ ጎረቤታችሁ «ምን ላድርግልህ? ምን ላድርግልሽ?» በሉና ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ጠይቆ የሚያዳምጥ ጌታ የሚያዳምጥ ጆሮ ይስጠን። ተባረኩ።