የአባት ጠመንጃ፦ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው ደጋ፣ አባወራ ሲሞት ወራሾች ከመሬቱና ከከብቱ ቀጥለው የሚነጋገሩት ስለ ጠመንጃው ነው። መሬት በድንበር፣ ከብት በቁጥር ይከፈላል፤ ጠመንጃ ግን አይቆረጥም። ወይ አንዱ ልጅ የወንድም የእህቶቹን ድርሻ ከፍሎ ይወስደዋል፣ ወይ ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል። ነገሩ ክላሽ ቢሆን ዋጋውን ሁሉ ያውቀዋል። የሚያጨቃጭቀው አሮጌው ነው፦ ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ወይም ሁለት አፈሙዙ ጎን ለጎን የተጋጠመው የአደን ጠመንጃ።

ይሸጥ የሚሉት ክርክራቸውን ከብረቱ ይጀምራሉ። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው ያወጡት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው፤ አንድ ጥይት ጎርሶ አንዴ ይተኩሳል። እ.ኤ.አ. በ1886 በለበል ሲተካ ከፈረንሳይ ግምጃ ቤት የወጣው አሮጌ ክምችት ወደ እኛም አገር ደረሰ። የአያቶቻችንን ዝናር የሞላው ጥይት ግን ካለቀ ቆይቷል። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ደግሞ ከዱላ በምን ይሻላል ይላሉ።

የአደኑ ጠመንጃ ከዚህም ይብሳል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው በተወለወለ ሰደፍ አይታለልም፤ መጀመሪያ የሚያየው ማጠፊያውን ነው። ከፍቶ ይዘጋዋል፣ አጥብቆ ይዞ ይነቀንቀዋል፤ ከተንቀጫቀጨ ዋጋው እዚያው ወደቀ። ቀጥሎ አፈሙዞቹን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጣቸውን ይመረምራል፤ ዝገት የበላው ጉድጓድ፣ ከውጭ ተመትቶ የተጨፈለቀ ቦታ ይፈልጋል። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን ማኅተም ያያል፤ በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ጠመንጃው በቤልጅግ አገር፣ በሊየዥ ከተማ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ብረቱ ላይ የተጠማዘዘ ዥንጉርጉር መስመር ከታየ ደግሞ ደማስቆ የሚባለው፣ ከብረት ዘንጎች ተገምዶ የተሠራ አፈሙዝ ነው። ለዓይን ያምራል። ግን ዘመኑ የጥቁር ባሩድ ነበርና በዛሬ ጥይት ቢተኮስበት ሊፈነዳ ይችላል። የጥይት ማደሪያው 65 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ የ70 ሚሊ ሜትር ጥይት ማጉረስም ያው አደጋ ነው። ታዲያ ተኳሹን የሚያሰጋ መሣሪያ ለምን ቤት ይቀመጣል? ልጆች ባሉበት ቤት፣ ቂምና ደም ባለበት አገር፣ ጠመንጃ ከጓዳ ቢወጣ እንቅልፍ ይሰጣል። ከፈላጊ ጋር ከተገናኘ ገንዘቡ ለበሬ መግዣ ይደግፋል። ይህን የሚሉትን አባታቸውን የረሱ አድርጎ መውቀስ ግፍ ነው።

ይቀመጥ የሚሉት ደግሞ አገሩን ይጠራሉ። ደጃዝማች ውቤ ጠመንጃ ያከማቹት በዚሁ በሰሜን ነበር፤ በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ድል ሲሆኑ፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ዘውድ ጫኑ። በታኅሣሥ 1928 የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጊና የኢጣሊያን ታንክ ሲገጥም ብዙው ሰው የያዘው አሮጌ ጠመንጃ ነበር። በኅዳር 1934 ጎንደር ላይ የኢጣሊያ ጦር እጁን ሲሰጥ ደግሞ የጠላት መሣሪያ በየገጠሩ ገባ። አንድ ጠመንጃ ከእነዚህ በአንዱ በኩል ወደ ቤት ከገባ የቤተሰቡ ታሪክ እሱ ላይ አለ። ለቅሶ ላይ የሟች ልብስና ጠመንጃ ወጥቶ ሲፎከርበት ያየ ሰው፣ የብረቱን መዛግ ማንም እንደማይጠይቅ ያውቃል። የተሸጠውን ደግሞ ባለጸጋ ልጅ እንኳ መልሶ አይገዛውም።

ይህም ወገን ግን ደካማ ጎን አለው። ታሪኩን የሚያውቁት አባት ከሞቱ በኋላ ጠመንጃውን አቅፈው የሚቀመጡት ልጆች ብዙ ጊዜ ታሪኩን አያውቁትም። ማን ገዛው፣ ከማን ተማረከ፣ የት ዋለ ቢባሉ መልስ የላቸውም።

ሁለቱም ወገኖች ሳይወዱ የሚሰሙት ሕግ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩ «የራሴ ንብረት ነው»፣ አስቀማጩም «የአባቴ ነው» ብሎ አያመልጥም። ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚያልፍ ቱሪስት ጥሩ ዋጋ ቢሰጥስ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ከፍ ያለ ዋጋ ሊከፍል የሚችለው የባህር ማዶ ሰብሳቢ በዚህ ምክንያት ለደባርቅ ሻጭ ገበያ አይሆነውም። የቀረው ገዢ ብረቱን እንጂ ታሪኩን አይገዛም።

እንግዲህ ሚዛኑን የሚለየው ጠመንጃው መተኮስ መቻሉ ይመስለኛል። የሚተኩስ ከሆነ ክርክሩ የቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ፖሊስ ነው፣ ፈቃድ ካልተገኘም ማስረከብ ከማንኛውም ዋጋ ይሻላል። የማይተኩስ ከሆነ ግን ሽያጩ የሚያስገኘው ጥቂት፣ የሚያሳጣው ብዙ ነው። የኔ ፍርድ ወደ ማስቀመጥ ያደላል፤ ያውም በሁለት ግዴታ፦ በሕግ ተመዝግቦ፣ ታሪኩም ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ በወረቀት ተጽፎ። ሁለቱን የማይፈጽም ቤተሰብ ይሸጥ ከሚሉት ጋር የሚከራከርበት ምክንያት የለውም።