ከቤንዚን ሳፋ ወደ ባለክዳን በርሜል

ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ በባጃጅ የሚተዳደር ከሆነ ያንን ሳፋ ያውቁታል። ድሮ ልብስ ይታጠብበት ነበር፤ ዛሬ ጓሮ ተቀምጦ ቤንዚን ይሞላበታል። ካርቡራተሩ፣ ኩሽኔታው፣ የካምቢዮው ጥርስ፣ ብሎንና ዳዶው ሁሉ እዚያ ይነከራል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ሲጠቁር ወደ ቦይ ይደፋል። በደሴም፣ በውጫሌም፣ በሐይቅ ከተማም ያው ነው።

ቤንዚን የተመረጠው ግሪስን ቶሎ ስለሚያለቅቅና ከሰልባትዮው በቀላሉ ስለሚቀዳ ነው። ችግሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ማውጣቱ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። በወሎ ጓሮ መሬት ላይ ምን እንዳለ ደግሞ ለእርስዎ አይነገርም፤ የቡናው ከሰል ነው። ናፍታ በአንጻሩ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ እንዲህ በቀላሉ በብልጭታ አይያያዝም። ስለዚህ ሳፋውንም ቤንዚኑንም አንድ ላይ እንሰናበት። ምትኩን በያጅ ዘንድ በግማሽ ቀን ማሠራት ይቻላል።

ለባጃጅ ዕቃ 60 ሊትር የሚይዝ አነስተኛ የብረት በርሜል ይበቃል። ከመቆረጡ በፊት ግን ምን ይያዝበት እንደነበር ይጠይቁ። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት በግራይንደር ወይም በብየዳ ብልጭታ ይፈነዳል፤ በዚህ የሞቱ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ውሃ ሲቀዳበት የኖረውን ይምረጡ።

በርሜሉ ከወገቡ ይቆረጥ። እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ይልበስ። ከአፉ ሰፋ ያለ የላሜራ ክዳን ይሠራለትና በአንድ ጎኑ ይታሰር። ውስጡ፣ ከታች 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ዕቃው የሚቀመጥበት የወንፊት ሽቦ መደርደሪያ ይግባ።

አሁን ወደ ዘዴው እንምጣ። መጀመሪያ 5 ሊትር ውሃ ይጨምሩ፤ ከላዩ 10 ሊትር ናፍታ። ናፍታ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ከዕቃው የሚለቀው አሸዋ፣ የብረት ብናኝና ጭቃ በናፍታው አልፎ ውሃው ውስጥ ይዘቅጣል፤ ላይ ያለው ናፍታ ለረጅም ጊዜ ሳይደፈርስ ያገለግላል። ናፍታ በጄሪካን ማግኘት እንዴት እንደሚያለፋ የሚያውቅ ሰው ይህን ዘዴ ይወደዋል። በነገራችን ላይ፣ ግሪሱን አስቀድሞ በእንጨት ስንጣሪ መፋቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ብዙ መካኒኮች ግን ይንቁታል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከናፍታው የወጣውን ዕቃ በሙቅ ውሃና በላርጎ ያለቅልቁት፣ ወዲያው ያድርቁት፣ ብረት የሆነውን ዘይት ያስነኩት፤ አለዚያ በማግስቱ ዝገት ያገኙበታል። ካውስቲክ ሶዳ ሞክሩ የሚል ምክር ከሰሙ ለካርቡራተር አይስሙት፤ አሉሚኒየም ይበላል። የፍሬን ሸራም ወደ በርሜሉ አይግባ። ናፍታ የጠጣ ሸራ አይይዝም፤ የአምባሰልን ቁልቁለት ደግሞ ያውቁታል።

በፋብሪካ የሚሠሩ ማጠቢያዎች ላይ ክዳኑን ከፍቶ የሚይዘው ማያያዣ በሙቀት የሚቀልጥ ነው፤ እሳት ቢነሣ ክዳኑ ራሱ ወድቆ ያፍነዋል። የቤቱን ክዳን የሚጥለው ሰው ስለሆነ አጠገቡ አንድ ባልዲ አሸዋ አይጥፋ። ውሃ አይድፉበት፤ የሚነደው ናፍታ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይሰራጫል።

ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። ቤንዚን ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። በቤንዚን እጅ መታጠብ ስለዚህ ይቅር። ጥቂት የምግብ ዘይት በጨው አድርጎ እጅን ማሸት፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ግሪሱን ያነሣል። ለናፍታውም ቢሆን የጎማ ጓንት ይጠቀሙ። ቱታው ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሃይላንድ ጠርሙሱ ነው። ትርፍ ቤንዚንና ናፍታ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተጠማ ሕፃን ደግሞ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይለይም። ቢጠጣ ያስመልሰው ብለው ጣት አይክተቱበት፣ ወተትም አይጋቱት። ሲያስመልስ ነዳጁ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ትልቁ ጉዳትም እሱ ነው። አፉን አጥበው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ጠርሙሱንም ይያዙ።

የቆሸሸውስ ናፍታ የት ይሂድ? ሐይቅ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። ሐይቁ ከአርዲቦ በኩል የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ውሃው በአብዛኛው ወደ ሰማይ ይተናል፤ ቅባቱና የብረቱ ብናኝ ግን እዚያው ይቀራል። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው በዚሁ ውሃ ዳር ነው፤ የምንበላው ዓሣም የሚያድገው እዚያው ነው። ወደ ቦይ የተደፋው ሳፋ ዝናብ ሲመጣ ወደዚያ ይወርዳል።

ስለዚህ ናፍታው ሲደፈርስ በጄሪካን ከድነው ለአንድ ሳምንት ያስቀምጡት። ከላይ የጠራውን በጨርቅ አጥልለው ወደ በርሜሉ ይመልሱ። ከሥር የቀረውን ዝቃጭና ከበርሜሉ የወጣውን ቆሻሻ ውሃ ለብቻው፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ በተከደነ ዕቃ ያጠራቅሙ። የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ካገኙ ዝቃጩን እንደሚቀበል ጠይቀው ይስጡት። ጄሪካኑ ላይ በትልቁ «ናፍታ» ብለው መጻፍዎንም አይርሱ።