ልጄን ውሸት ታስተምሩታላችሁ?



በቅርቡ አንድ አባት የአምስተኛ ክፍል ልጃቸውን ደብተር ይዘው መጡና አንድ ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። «ዛሬ እናቴ ሚዳቋዋ ሞተች» ይላል። «እናቱ ቤት አለች፤ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ናት። እኛ ልጁ እንዳይዋሽ ስንገሥጸው እናንተ ውሸት አስጽፋችሁ ‹ጎበዝ› ትሉታላችሁ?» አሉኝ። ልጁን ከውሸት ለመጠበቅ ይህን ያህል የሚጨነቅ ወላጅ አላህ ያብዛልን። ጥያቄው የብዙዎች ስለሚመስለኝ እዚህ ላይ ልመልሰው።

የሰጠነው የቤት ሥራ ተማሪው ከአንድ የፈጠራ ታሪክ ውስጥ ባለታሪኩን ወስዶ፣ በእርሱ አንደበት የአንድ ቀን ማስታወሻ እንዲጽፍ ነበር። ውሸት ማለት ሰሚው አምኖ እንዲቀበል ያልሆነውን ሆነ ማለት ነው። እዚህ ግን ጸሐፊውም አንባቢውም ፈጠራ መሆኑን ያውቃሉ፤ በገጹ አናት ላይም የማን ማስታወሻ እንደሆነ ተጽፏል። ክርክሩም አዲስ አይደለም። በ516 ሂጅሪ (1122 እ.ኤ.አ.) ያረፉት የበስራው አል-ሐሪሪ 50ዎቹን «መቃማት» ሲጽፉ ታሪኩን የሚተርክላቸውን ሰው ከራሳቸው ፈጥረዋል። ነቃፊ እንደማይጠፋ ስላወቁም በመግቢያቸው ላይ እንስሳት የሚናገሩባቸውን ተረቶች አንሥተው ራሳቸውን ተከላክለዋል። የዕለት ማስታወሻ ራሱ የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉ ሰዎችም ያጋጥሙኛል። የባግዳዱ የሐንበሊ ሊቅ ኢብኑል በናእ በ1068 እና በ1069 እ.ኤ.አ. የከተማቸውን ወሬ፣ የሞተውን ሰው፣ ያዩትን ሕልም ሳይቀር ከነቀኑ የመዘገቡበት የእጅ ጽሑፍ ግን ለእኛ ዘመን ደርሷል።

ይህ ማለት በማንኛውም ሰው አንደበት ይጻፋል ማለት አይደለም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም ሆን ብሎ መዋሸት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ስለዚህ በእኔ ክፍል ውስጥ በነቢያትና በሶሃቦች አንደበት «እኔ» ተብሎ አይጻፍም። አንዲት ተማሪ በቢላል (ረ.ዐ) ስም ልጻፍ ብላ ለምናኝ ነበር፤ ፍቅሯን ወደድኩላት እንጂ አልፈቀድኩላትም። አንዱ ልጅ የፈጠረውን ሌላው ልጅ ሰምቶ እንደ ሐዲስ ይዞት ሊዞር ይችላልና። ከዚህ ያለፈውን ብይን ለዑለሞች እተዋለሁ።

እኔ የመረጥኩት ሐይ ኢብን የቅዛንን ነው። በ1185 እ.ኤ.አ. ያረፉት የአንደሉሱ ሐኪም ኢብን ጡፈይል የጻፉት ታሪክ ነው፤ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ የቀረ ሕፃን ሚዳቋ አጥብታ ታሳድገዋለች። መጽሐፉ የፍልስፍና መጽሐፍ ስለሆነ ሙሉውን ለልጅ አልሰጥም። የመጀመሪያውን ክፍል፣ ሚዳቋዋ እስክትሞት ድረስ ያለውን፣ በቃሌ እተርክላቸዋለሁ። ሐይ እናቱን በለመደችው ድምፅ ይጠራታል፤ አትመልስም። ዓይኗን ያያል፣ ጆሮዋን ያያል፣ ጉዳት አያገኝም። በኋላም በስለታም ድንጋይ ደረቷን ከፍቶ ከውስጧ ምን እንደሄደ ይፈልጋል። የሚቀብራትም ቁራ ቁራን ሲቀብር አይቶ ነው። እዚህ ስደርስ ሱረቱል ማኢዳህን የቀሩ ልጆች ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ የቃቢልና የሃቢልን ነገር አስታውሰው ማለት ነው።

ልጆች መጀመሪያ ላይ የሚጽፉት ማስታወሻ ሳይሆን የታሪኩን ማጠቃለያ ነው። የሐይን ሃምሳ ዓመት በአንድ ምሽት ይጨርሱታል። እኔም ሁለት ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ምን አየ? ገና ያላወቀውስ ምንድን ነው? ፍሬው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የእኚያ አባት ልጅ በጻፈው ላይ «ሞተች» የሚለውን ቃል በቀይ ያከበብኩት ለዚህ ነበር። ሐይ ቃሉን አያውቅም፤ የሚያውቀው ልጁ ነው። ልጁ ጥቂት አስቦ ሠረዘውና «ጠራኋት። ሁልጊዜ ትመጣ ነበር» ብሎ ተካው። አንድ ሌላ ተማሪ ደግሞ፣ ሐይ መናገር የተማረው ከብዙ ዓመት በኋላ ከአብሳል ከሆነ እንዴት አድርጎ ማስታወሻ ይጽፋል ብሎ ያዘኝ። በልቡ ያለውን እኛ እንጻፍለት ተባብለን ተስማማን፤ እርሱ ግን እስከ ደወሉ ድረስ አንገቱን ሲነቀንቅ ነበር።

አንድ ነገር ለወላጅም ለመምህርም ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። ከሦስት መስመር በላይ ጽፎ የማያውቅ ልጅ ሐይን ሆኖ አንድ ሙሉ ገጽ ሞላ። የልጁ እናት ለሥራ ዐረብ አገር ከሄደች ቆይታለች። ገጹ ላይ ስለ ዐረብ አገር አንድም ቃል የለም፤ ሐይ በየኮረብታው እየወጣ ይጣራል፣ ነፋሱ ድምፁን ይመልስበታል። ጽሑፉን ለክፍሉ አላነበብኩትም፤ «ይህ ያንተ ነው ወይ?» ብዬም አልጠየቅኩትም። ልጁ በሐይ ስም ሊሸፈን ከመረጠ መጋረጃውን የመግለጥ መብት የለንም፤ አማና ነው። ከግርጌው «ሐይ በማግሥቱ ምን አደረገ?» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። ሌላ ገጽ ይዞ መጣ። የምታሳድገው አክስቱ በስልክ ከእናቱ ጋር በምታነጋግረው ቀን ደብተሩን አምጥቶ እንዲያነብላት ፈቃዱን ጠይቄው እሺ ብሏል።

በቤት ለመሞከር ለምትፈልጉ ሌላ መነሻ ልስጣችሁ። ሙስሊሞች በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ፣ የመጀመሪያዎቹ በታወቀው ዘገባ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ። ከሹዐይባ ወደብ በነጋዴዎች መርከብ በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ፤ ቁረይሾች ተከታትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቡ ሄዷል። ልጃችሁ በዚያ መርከብ ላይ ገመድ የሚስብ፣ ስሙ በየትም ያልተጻፈ አንድ ልጅ ይፍጠርና የዚያን ምሽት ማስታወሻ ይጻፍለት። መንገደኞቹን ሩቅ ሆኖ ይያቸው እንጂ ቃል አይፍጠርባቸው። ይህን እንኳ ልባችሁ ካልፈቀደ ሐይ ይበቃል። የመርከቡ ልጅ ስለ ነጃሺ ፍትሕ ገና አልሰማም፣ ስደተኞቹ እነማን እንደሆኑም አያውቅም፤ የሚያውቀው ነፋሱን፣ ጨዋማውን ውኃና የጌታውን ቁጣ ነው። ሲያነብላችሁ «615» የሚል ቁጥር ከሰማችሁ ደብተሩን መልሱለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም።