የቤታችን ዲሽና የረመዳን ሌሊት



ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚህ መካነ ሰላም ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የጀማዓችን አባት ቀረብ አሉና «ሸህዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ። የውርስ ወይም የኒካሕ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። የቴሌቪዥን ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ቤታቸው ዲኤስቲቪ አለ፤ የሚከፍሉትም ለአነስተኛው ፓኬጅ ነው። የበኩር ልጃቸው የአውሮፓን ኳስ በሙላት ወደሚያሳየው ፓኬጅ ከፍ ያድርጉልኝ ብሎ ይወተውታቸዋል። እናትየዋም «ውጭ ከሚያመሽ እቤቱ ይይ» ብላ ከልጁ ጋር ቆማለች። «እኔ ደግሞ ረመዳን መጣ ብዬ ፈራሁ። ሐላል ነው ሐራም? ቁርጡን ይንገሩኝ» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት ቁርጥ መልስ አልሰጠኋቸውም። «ጥቂት ቀን ይታገሱኝ» አልኳቸው። ሳስበው ግን ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከአቀስታ እስከ ወግዲ፣ ከከለላ እስከ አማራ ሳይንት፣ በከተሞቻችን ያለውን የቆርቆሮ ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ዲሹን ያያል። ስለዚህ መልሱን ለሁላችንም ብናደርገው ይሻላል አልኩ።

ዕቃውን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ዲሽ ዕቃ ነው፤ ፍርዱ በሚታይበትና በሚወስደው ጊዜ ላይ ነው። ሬዲዮ ሲመጣም፣ ካሴት ሲመጣም ይኸው ክርክር ነበር። ኋላ ግን መንዙማውም ደርሱም በዚያው ካሴት ቤታችን ገባ። ስለዚህ «ሐላል ነው ሐራም» ከማለት በፊት «ምን ልገዛ ነው? አሁን በእጄ ያለውስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በእጃችን ያለውን እንቁጠር። ወርኃዊ ክፍያ የማይጠይቀው ዲሽ ብዙ ይዟል። የአገራችን ጣቢያዎች ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት አለ፤ ዲሹ ወደ ምሥራቅ፣ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት ይዞራል። ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው። ሁለቱ በጣም ስለሚራራቁ አንድ ዲሽ ሁለቱንም አያይም፤ ሁለቱን የፈለገ ሰው ሁለተኛ ዲሽ ይተክላል። ወጪው የአንድ ጊዜ ነው፤ በየወሩ የሚመላለስ አይደለም። በናይልሳት ከመካ ሐረም ሌት ተቀን የሚተላለፈው የቁርኣን ጣቢያ፣ ከመዲና የሚተላለፈው የሱና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይታያሉ። እንደ ነሲሓና ሚንበር ያሉ በአማርኛ የሚያስተምሩ ጣቢያዎችም ክፍያ የላቸውም። ለዲኑ ብሎ ፓኬጅ ከፍ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ የሚፈልገው ነገር በነጻ እንዳለ ይወቅ።

ከፍ ያለው ፓኬጅ የሚጨምረው በዋናነት ኳስና ፊልም ነው። የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መታየት ከጀመረና አቦል ቲቪም በዚያው ዓመት በአማርኛ ከተከፈተ ወዲህ ይህ አገልግሎት በየገጠር ከተማው የተለመደ ሆኗል። ይህን ለመንቀፍ አልነሳሁም። ኳስ ማየት በራሱ ወንጀል አይደለም። እኔ የማስበው ስለ ሰዓቱ ነው።

ዘንድሮ ረመዳን የካቲትና መጋቢት ላይ ውሏል። በኛ አገር መግሪብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ይገባል። ቅዳሜ አብዛኛው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በዚህ ወቅት የሚጀምረው በኛ 12 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ አዛን ይላል ማለት ነው። ተምሩ በእጅ፣ ዓይኑ በመስኮቱ። ለጾመኛ ዱዓው የሚከጀልበት ያ ቅጽበት በማዕዘን ምት ያልፋል። በዚያው ቀን ማታ 2 ሰዓት ተኩል የሚጀምር ሌላ ጨዋታ አለ፤ እኛ ተራዊሕ ላይ ነን። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ማክሰኞና ረቡዕ ከምሽቱ 2፡45፣ ከዚያም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይጫወታል። የ5 ሰዓቱ ጨዋታ ሲያልቅ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ለሱሑር 10 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ልጅ የሚቀረው እንቅልፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሱሑሩን ካልተወ ፈጅሩ ያመልጠዋል፤ ፈጅሩን ከሰገደ በትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ይተኛል።

ፊልሙም እንዲሁ ነው። የዐረብ ጣቢያዎች ለረመዳን ብለው ሠላሳ ክፍል ያለው ድራማ ያዘጋጃሉ፤ ለያንዳንዷ ሌሊት አንድ ክፍል። ሠላሳ ጁዝእ ላለው ቁርኣን ከተመደበው ወር ጋር ቁጥሩ እኩል መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ቤተሰብ በሌሊት አንድ ጁዝእ ቢያነብ በዒድ ዋዜማ ያኸትማል፤ አንድ ክፍል ድራማ ቢያይም በዒድ ዋዜማ ይጨርሳል። ይህ በነጻው ዲሽም የሚመጣ ፈተና ስለሆነ፣ «ፓኬጅ አልጨመርኩም» ብሎ ራሱን ነጻ ያደረገ ሰው አይኑር። ዲሹ ነጻ ቢሆንም ሌሊቷ ነጻ አይደለችም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ የአር-ረሕማን ባሮች ሲገለጹ፣ ወጪያቸው በማባከንና በመሰሰት መካከል እንደሆነ ተነግሯል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በቂያማ ቀን ስለ ዕድሜው፣ ገንዘቡንም ከየት አግኝቶ በምን ላይ እንዳዋለው ሳይጠየቅ እንደማያልፍ አስተምረዋል። ለቤተሰብ መዝናኛ የሚወጣ ብር ሁሉ ብክነት ነው አልልም። ነገር ግን መለኪያ እንያዝ። ዘካተል ፊጥር ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከሚበላው እህል ወደ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት 17 ኪሎ ተኩል ስንዴ ወይም ጤፍ ያወጣል ማለት ነው፤ ያውም ከዒድ ሶላት በፊት። ፓኬጁን ከፍ ለማድረግ በወር የሚጨመረውን ብር በዚህ እህል ዋጋ መንዝሩት። ፊጥራው ሲደርስ «ዘንድሮ እጅ አጠረኝ» የሚል፣ ለጨዋታው ግን ቀን ሳያሳልፍ የሚከፍል ቤት፣ መልሱን ከኢማም መጠበቅ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ የእናትየዋን ነገር ልመልስ፤ ከሁሉም የከበደኝ የእርሷ ሐሳብ ነውና። «ውጭ ከሚያመሽ እቤቱ ይይ» ያለችው በዋዛ አይደለም። ልጁ ኳሱን የሚያይበት ቤት ምን ቤት እንደሆነ ታውቃለች። ጫት ይቃማል፤ ከጎኑም የውርርድ ቤት አለ። ፈቃድ አውጥቶ ቢሠራም በሸሪዓ ቁማር ቁማር ነው፤ በሱረቱል ማኢዳ ከአስካሪ መጠጥ ጋር በአንድ ላይ ተከልክሏል። በአሥርና በሃያ ብር የጀመረ ልጅ የአባቱን የሱቅ መሳቢያ እስከ መክፈት ሲደርስ አይተናል። እናት ከዚህ ልጇን ለማዳን ክፍያውን ብትመርጥ፣ ከሁለት ጉዳት ቀላሉን መምረጧ ነው፤ ይህም በፊቅህ የታወቀ መርሕ ነው። ስለዚህ ሐሳቧን አልጥልም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልጁን ከውርርድ ቤት የሚያወጣው ፓኬጁ ብቻ ከሆነ፣ በስልኩ ውስጥ ያለውን ውርርድ ማን ያወጣዋል? አባትየውን ባገኘኋቸው ጊዜ «ልጅዎ ከኳስ ሌላ ምን ይወዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። «እርስዎስ ከመግሪብ እስከ ተራዊሕ የት ነዎት?» አልኳቸው። «ሱቅ» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም የሰው ልጆችን ቁርኣን ሳስቀራ አምሽቼ ስገባ የራሴን ልጆች ስልክ ላይ የማገኝበት ጊዜ አለ። ልጁ የጠየቀው ኳስ ነው፤ የጎደለው ግን ምናልባት አብሮት የሚቀመጥ ሰው ይሆናል።

የሐረሙን ስርጭት በተመለከተም ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ ላብራራ። መካና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም። በሳዑዲ የኡሙል ቁራ አቆጣጠር ዒሻእ ከመግሪብ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ሲሆን፣ በረመዳን ግን ሁለት ሰዓት ይደረጋል። ስለዚህ የኛ ተራዊሕ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የእነርሱ ገና ይጀምራል። መስጂድ ሰግዶ የተመለሰ ሰው፣ ወይም ጉልበቷ ያልቻለ እናት፣ ካዕባን እያዩ ቁርኣን ቢያዳምጡ መልካም ነው። ተከትሎ መስገድ ግን አይሆንም። በሻፊዒ ፊቅህ ከመስጂድ ውጭ ሲሰገድ በኢማሙና በተከታዩ መካከል ያለው ርቀት ወደ 300 ክንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ከመካነ ሰላም መካ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መስጂዶች በተዘጉበት በ2012ቱ የኮሮና ረመዳን እንኳ ይህ ጥያቄ ሲነሳ መፍትሔው በየቤቱ ከቤተሰብ ጋር መስገድ ሆነ እንጂ ቴሌቪዥን መከተል አልሆነም። አንዱ ዲሻችን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ያያል። የኛ ቂብላ ግን ወደ ሰሜን ነው።

እንግዲህ ለአባትየው የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ላቅርብ።

አንደኛ፣ በረመዳን ፓኬጅ ከፍ አታድርጉ። ውሳኔውን ለሸዋል አቆዩት። የሚቀር ኳስ የለም፤ የአውሮፓው ውድድር ከዒድ በኋላም ለወራት ይቀጥላል። የምትቀር ለይለተል ቀድር ግን አለች።

ሁለተኛ፣ አሁንም ቢሆን ከፍላችሁ ያላችሁ ሰዎች ዲሹን አትንቀሉ። ሰዓት ግን ወስኑለት። ከመግሪብ ሩብ ሰዓት በፊት ጀምሮ ተራዊሕ እስኪያልቅ ሪሲቨሩ ይጠፋ። ይህን ሕግ አባትም ያክብር። ልጁን ከኳስ አንስቶ ራሱ ዜና የሚያይ አባት ሕግ አላወጣም።

ሦስተኛ፣ ሸዋል ሲገባ እናትም ልጆችም ባሉበት ተቀመጡና ተማከሩ። ወረቀት አውጡ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምታዩ፣ ከዚያ ውስጥ አሁን በነጻ የሚገኘው ስንት እንደሆነ፣ ጭማሪው የማን ሰዓት ላይ እንደሚወድቅ ጻፉ። ልጁ ከውርርድ ቤት ይቀራል ከተባለ ቃሉን ይስጥ፤ አባትም በጨዋታው ሰዓት አብሮት ለመቀመጥ ቃሉን ይስጥ። በዚህ መንገድ ተማክሮ ከፍ ያደረገ ቤት ላይ ነቀፌታ የለኝም። ተማክሮ የተወውም አጅሩን ከአላህ ያገኛል።

አባትየው ይህን ሰምተው ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ለሠላሳ ቀን ልጁን ምን ልበለው?» አሉኝ። «ከኢፍጣር በኋላ ሱቁን ለአንድ ሰዓት ይዝጉና ይዘውት ወደ መስጂድ ይምጡ፤ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ስለ ኳሱ ይጠይቁት» አልኳቸው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ሁለቱንም ከኋላ ሰፍ አየኋቸው። ሁለተኛዋን ልጁ ብቻውን መጣ፤ አባትየው ሱቅ ነበሩ። ሦስተኛዋን ሁለቱም መጡ። ከዚያ ወዲህ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ቤቶቻችንን የቁርኣን ቤት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።