ስለ ቱንግስተን ዘንግና ስለ አስመጪው ኀላፊነት

ዕቃው ትንሽ ሲሆን የሚጠይቀው ጥንቃቄም ትንሽ መስሎ ለነጋዴ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ከእርሳስ የምትቀጥን አንዲት የቱንግስተን ዘንግ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ሥራ ልታበላሽ፤ የሠራተኛውንም ጤና ልትጎዳ ትችላለች።

የቄራ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእንስሳት ማረጃው ነው። ሥጋ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ፤ የሚሰቀልበት መንጠቆና ዕቃው የሚታጠብበት ገንዳ ከማይዝግ ብረት ይሠራ ዘንድ ንጽሕና ያስገድዳል። ሆኖም መጋጠሚያው በአግባቡ ካልተበየደ ደምና ስብ የሚቋጥር፤ ውሃና ሳሙና የማይደርስበት ቀዳዳ ይተርፋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ እጅግ ተስማሚ የሆነው ብልኀት በአርጎን ጋዝና በቱንግስተን ዘንግ የሚደረገው ብየዳ ነው። ይህ ዐይነት ብየዳ የታሰበው በመጀመሪያ ለአውሮፕላን ማግኒዝየም ሲሆን፤ ራስል ሜሬዲዝ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል።

ቱንግስተን በስዊድን ቋንቋ «ከባድ ድንጋይ» ማለት ነው። ብረት በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፤ ቱንግስተን እስከ 3,422 ዲግሪ ይታገሣል፤ በዚህም ከብረታ ብረት ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ዘንጉ እንደ ተራው ኤሌክትሮድ ቀልጦ ወደ መጋጠሚያው አይገባም፤ የኤሌክትሪኩን እሳት ተሸክሞ ይቆያል፤ አርጎኑም አየር እንዳይነካው ይጠብቀዋል።

እንግዲህ አሳባችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ጫፉ ቀይ የሆነው ዘንግ ሁለት በመቶ ያህል ቶሪየም አለበት። ቶሪየም እሳቱን በቶሎ ያስነሣል፤ የዘንጉንም ዕድሜ ያረዝማል፤ ነገር ግን ጨረር አመንጪ ነው። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ዘንጉን በእጅ ከመያዝ ሳይሆን፤ በያጁ በመሞረጃ ሲያሾለው የሚነሣውን ብናኝ ከመተንፈስ ነው። ላንታነም ያለበት፤ ጫፉ ወርቃማ ወይም ሰማያዊ የሆነው ዘንግ ግን ይህንኑ አገልግሎት ያለ ቶሪየም ይሰጣል።

አንዳንድ አስመጪ «ገዢው የሚጠይቀኝ ቀዩን ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ገዢ የለመደውን ይጠይቃል። ዳሩ ግን የሚተነፍሰው ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው የገዛውን ሰው «ራሱ መርጦ ነው» ማለት አይገባም። ዋጋውንም ቢሆን ስናስበው፤ የአንድ ዘንግ ዋጋ በብየዳ ጉድለት ከሚጣለው የማይዝግ ላሜራ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

ጊዜውም ጥንቃቄን የሚጠይቅ ነው። የዓለም ቱንግስተን ከሦስት አራተኛው በላይ የሚወጣው ከቻይና ሲሆን፤ ያች አገር በፌብሩዋሪ 2025 አንዳንድ የቱንግስተን ውጤቶች ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላኩ ወስናለች። በአገራችንም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰናል። ዋጋ ሲወደድ ምንነቱ ያልታወቀ ርካሽ ዕቃ ዐይን ይስባል፤ የነጋዴም ታማኝነት የሚፈተነው በዚህን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አስመጪዎች ላንታነም ያለበትን ዘንግ አስቀድመው ያዝዙ፤ በማሸጊያውም ላይ በውስጡ ያለውን በአማርኛ ያስጽፉ፤ ቸርቻሪዎችም ዘንጎቹን ቀላቅለው አይሽጡ። የብየዳ ቤት ባለቤቶችም ለቱንግስተን ብቻ የሚያገለግል መሞረጃ ያዘጋጁ፤ ለሠራተኛው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይስጡ፤ ብናኙም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ እንዳይነሣ ያድርጉ። በያጁም ቀለም የሌለውን ጫፍ ይሳል፤ ቀለሙ ከጠፋ የዘንጉ ምንነት አብሮ ይጠፋልና።

ይህን ለማድረግ ዐዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚሸጠውን ዕቃ ጠንቅቆ ማወቅና ያወቁትን ለገዢ መንገር ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ግዴታ ነው።